ስፌቱን ያዢ፣ ሳሙናውን ተይው፣ ቀጠሮሽን ሂጂ

ደብዳቤው (አሳጥረነዋል)

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ማዮማ በሚባል የማህፀን እጢ ምክንያት ብዙ ደም ሲፈሰኝ ቆይቶ በሆዴ በኩል ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። አንድ ወር አለፈኝ። ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ የብረት እንክብል እውጣለሁ። ድሮ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አስረክብ ነበር፣ አሁን ቆሟል። ባለቤቴ እንጨት ቤት ተቀጥሮ ነው የሚሠራው። የሱ ደሞዝ ብቻውን አልበቃ አለን። ዝም ብዬ ከምተኛ ወጪ የሚቀንስ ነገር በእጄ ልሥራ ብዬ አሰብኩ። ሳሙና በኮስቲክ ሶዳ መሥራት፣ የከሰል ድቃቂ አድበልብሎ ማንደድ፣ ከአሮጌ ነጠላ መጋረጃ መስፋት፣ የጥጥ ፍራሹን ፈትቶ እንደገና መሙላት፣ በርበሬ ቤቴ መውቀጥ፣ ክረምት ሳይገባ የኩሽናውን ግድግዳ መመረግ። አማቴ አብረውን ይኖራሉ። ‹አርፈሽ ተኚ› ይሉኛል፣ ስተኛ ግን ፊታቸው ይከብደኛል። ባለቤቴ ውሃ ሲቀዳ ጎረቤት ይስቃል፣ እኔ አፍራለሁ። ትልቋ ልጄ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ብዙውን የቤት ሥራ እሷ ላይ ጥያለሁ። ባለፈው ሳምንት የሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። ደህና ስለሆንኩ የታክሲውንም የካርዱንም ብር ላትርፍ ብዬ ቀረሁ። ከየቱ ልጀምር?»

መልስ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተነሳሽ። ጨርሶ ይማርሽ።

ከየቱ ልጀምር ብለሻል። ከቀጠሮሽ ጀምሪ። ስድስት ዓይነት ሥራ ዘርዝረሽ ስታበቂ ይህን መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽ አልፈሽዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እሱ ነው።

ያ ቀጠሮ ቁስሉን አይቶ «ደርቋል» ለማለት ብቻ አይደለም የተሰጠሽ። ከማህፀን ከወጣ እጢ አብዛኛውን ጊዜ ናሙና ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙናው ወደሚመረመርበት ክፍል ይላካል። ማዮማ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ በዚህ አትጨነቂ። ቢሆንም ውጤቱን ሐኪም አንብቦ ሊነግርሽ ይገባል። የደምሽ መጠንም እንደገና መለካት አለበት። እንክብሉን እስከ መቼ እንደምትወስጂ የሚታወቀው ያኔ ነው። ብዙ ሰው ፊቱ ሲወዛ ያቋርጠዋል። ሐኪሞች ግን ደሙ ከተስተካከለ በኋላም ጥቂት ወራት እንዲቀጥል ያዛሉ፣ ሰውነት ያለቀበትን ክምችት እንዲተካ። ስለዚህ ነገ ባለቤትሽ ከሥራ በፊት ሄዶ ቀጠሮውን ያሳድስልሽ። የታክሲውን ብር ከሌላ ቦታ እናመጣዋለን፣ ከታች እነግርሻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልበል። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ ደም ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየሽ፣ አንዱ ባትሽ አብጦ ካመመሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ቁስሉ ላይም ቡና፣ ማር፣ ቅጠል ምናምን እንዳታደርጊ፣ ማንም ቢመክርሽ።

አሁን ወደ ሥራው። አንቺ ምርጊት ታውቂያለሽ። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ግድግዳ ላይ ማንም ሚስማር አይመታም። የሆድሽ ነገርም እንዲያ ነው። ቆዳው ቶሎ ይገጥማል፣ ከሥሩ ያለው ጡንቻና ሽፋን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። እንዲህ ላለ ቀዶ ሕክምና ከባድ ነገር አታንሺ የሚባለው ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ነው፣ አንዳንዱ ሐኪም ከዚያም ያስረዝመዋል። ትልቁ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ሊጥ የሞላ ባልዲም ከዚያ ብዙ አያንስም። ቁስሉ ቢፈታ ወይም በኋላ እበጥ ቢያወጣ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። ያኔ የዓመት ሳሙናና ከሰል ብትቆጥቢም አይሸፍነውም።

ስለዚህ ምርጊቱ ይቅር። ጭቃ መርገጥም፣ ጭድ መሸከምም፣ ግድግዳ ላይ መንጠራራትም ላንቺ የሚሆን አይደለም። ክረምቱ እንዳይቀድማችሁ የምትሰጊ ከሆነ ባለቤትሽና ሁለት ጎረምሳ ጎረቤቶች በአንድ እሁድ ይጨርሱታል። አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ «እዚያ ጋ አልደረሰም» በዪ። ፍራሹም ይቆይ፣ ጥጥ ሲደበደብ አቧራው ያስላል። በርበሬውም እንደዚያው ነው። ዘነዘናውን ማንሳቱ አንድ ችግር ነው፣ ከሱ የሚብሰው ግን ማስነጠሱ ነው። ከሆድ ቀዶ ሕክምና የተነሳች ሴት ሙቀጫ አጠገብ ተቀምጣ አሥር ጊዜ ስታነጥስ ይታይሽ! ስታስይም ሆነ ስታስነጥሽ ትራስ ሆድሽ ላይ ጫን አድርገሽ ያዢ፣ ሕመሙን ይቀንስልሻል።

ሳሙናው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ያየዋል። ኮስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ይፈላል። እንፋሎቱ ጉሮሮ ያቃጥላል። ጠብታው ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ድስት ደግሞ አልሙኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየም ይበላል፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። ልኩ ትንሽ ከተዛነፈ ሳሙናው እጅ ይልጣል። በትክክል ቢሠራ እንኳ አራት ሳምንት ያህል ሳይቆይ አይታጠቡበትም። ትንሹ ልጅሽ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አልጻፍሽም፣ ግን ነጭ ፍርፋሪ ስኳር የሚመስለው ልጅ በብዙ ቤት አለ። ዘንድሮ ይቅርብሽ። ሱቅ የሚሸጠው ደረቅ ሳሙና ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

ነጠላና ጋቢ ለማጠብ ከሆነማ እንዶድ አለልሽ። እናቶቻችን ነጭ ልብስ ያነጡት በሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውሃ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል የሚራባው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ያ የልብስ ማጠቢያ ፍሬ ዓለም ያወቀው ምርምር ወጣው። እና እንዶድ የሚናቅ ነገር አይደለም። ብቻ ሲወቀጥ ብናኙ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፣ ቢዋጥም መርዝ ነው። ደጅ ሌላ ሰው ይውቀጠው፣ ከልጅ ርቆ ይቀመጥ። እጥበቱንም ሌላ ሰው ይያዘው፣ እርጥብ ጋቢ መጭመቅ ላንቺ ገና ነው።

እንግዲህ የታክሲውን ብር እናምጣ። አንቺ ባትጽፊውም ከሁሉ በፊት እንድትሠሪው የምፈልገው ሙቀት የሚይዝ የማብሰያ ሳጥን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ድስት ከፈላ በኋላ ከሰል የምናነድደው ሙቀቱ እንዳይጠፋ ብቻ ነው። ሙቀቱን አፍኖ የሚይዝ ነገር ካለ እሳት አያስፈልግም። ባለቤትሽ እንጨት ቤት ይሠራል ብለሻል፣ ስለዚህ ሰጋቱራ በእጃችሁ ነው። ከአሮጌ ነጠላ መጋረጃ ከመስፋትሽ በፊት ጠበቅ ካለ ጨርቅ ሁለት ትራስ ስፊ፣ ሰጋቱራ ሙዪባቸው፣ አንድ ስንዝር ያህል ይወፍሩ። ሰፋ ያለ ካርቶን ወይም ያረጀ ቅርጫት ፈልጊ። አንዱ ትራስ ከሥር፣ ድስቱ መሐል፣ ዙሪያውን አሮጌ ጨርቅ ወይም ጭድ እስኪጨናነቅ ጠቅጠቅ፣ ሁለተኛው ትራስ ከላይ። ክፍተት አይኑር።

ሽምብራም ሆነ ባቄላ ማታ ይዘፈዝፋል። ጠዋት የዘፈዘፍሽበት ውሃ ይደፋና በንጹሕ ውሃ ክዳኑ እንደተገጠመ ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ። ከዚያ ሳይከፈት ወዲያው ወደ ሳጥኑ። ሦስት አራት ሰዓት ተዪው። እየመላለስሽ ከፍተሽ አትዪው፣ በከፈትሽ ቁጥር ሙቀቱ ይሄዳል። ምስር ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ድስቱ ከግማሽ በላይ መሙላት አለበት፣ ትንሽ ምግብ ሙቀት አይዝም። ሲወጣ ወጡ ውስጥ ገብቶ እንደገና መፍላት አለበት፣ ይህን አትዝለይ። ሥጋና ዶሮ በዚህ አትሞክሪ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። ጥራጥሬ አልበስል የሚለን እህሉ ስላረጀ ብቻ አይደለም። መዘፍዘፉን የማጠብቅብሽ ለዚህ ነው። ሽምብራው ካልለሰለሰ አንዴ አፍልተሽ መልሰሽ ሳጥኑ ውስጥ ክተቺው። ድስቱን የምታነሺው አንቺ አይደለሽም። ሳጥኑ ከምድጃው አጠገብ ይሁን፣ አማትሽ ወይም ባለቤትሽ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ያዛውሩት። የከሰሉ ወጪ ሲቀንስ በወሩ መጨረሻ ራስሽ ታዪዋለሽ። ጭሱም ይቀንሳል፣ ሳሉም እንደዚያው።

የከሰል ድቃቂው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ወቅቱም አሁን ነው። ክረምት ከገባ አይደርቅም። ከጆንያው ሥር የሚቀረውን ድቃቂ ቀጠን ባለ የዱቄት ገንፎ ወይም በትንሽ ሸክላ አፈር ለውሶ እንደ ዳቦ ቆሎ ሳይሆን እንደ ሎሚ ማድበልበል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ውስጡ እስኪደርቅ ማቆየት ነው። አፈሩ ከበዛ አይነድም። ይህን ለልጆቹ ስጪያቸው፣ እጃቸው ቢጠቁር ደስታቸው ነው። ግን ከሰልም ሆነ ይህ፣ ደጅ ተያይዞ ፍም እስኪሆን ይጠበቅ፣ በር በተዘጋ ቤትም በጭራሽ አይግባ። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ነው የሚቀማው፣ አንቺ ደግሞ ደምሽ አንሷል። በብርድ ሌሊት «ትንሽ ፍም እናስገባ» ቢባል እምቢ በዪ።

ወደ እንጀራ ሥራሽ ስትመለሽ፣ በእንጨት የምትጋግሪ ከሆነ «ምርጥ» የሚባለው እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ይኑርሽ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። እስከዚያ ከጎረቤት የምትገዙት እንጀራ ሲተርፍ ሳይሻግት ድርቆሽ አድርጉት። የሻገተ እንጀራ ግን ፍቃችሁ እንዳትበሉ። ይጣል። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

አሁን ወደምወደው ነገር መጣሁ። ስፌት ትችያለሽ? የጎንደር ሴት ናትና ትችላለች ብዬ ልገምት። ካልቻልሽም አማትሽ ይችላሉ። ወስፌ፣ አክርማና ስንደዶ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ስንደዶ የሚለቀመው በመስከረም ስለሆነ አሁን ደረቁን ቅዳሜ ገበያ ትገዢያለሽ፣ ወይም አማትሽ ከቆጥ ላይ ያስቀመጡት አይጠፋም። በትንሽ ነገር ጀምሪ፣ በሙዳይ ወይም በጠባብ ሰፌድ። ሌማቱ ይደርሳል። ስፌት ለሚያገግም ሰው የተመቸ ሥራ ነው። አይከብድም፣ አያስነጥስም፣ በፈለግሽበት ሰዓት ታስቀምጪዋለሽ፣ ሰው ሊጠይቅሽ ሲመጣም እያወራሽ ትሠሪያለሽ። ለመሸጥ አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ ቤትሽ የሚጎድለውን ሥሪ። ፕላስቲክ ሰፌድ ከመግዛት ከዳንሽ አንድ ነገር ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ዱካ ላይ አትቀመጪ። ዝቅ ካለ መቀመጫ ስትነሺ ሆድሽ ነው ኃይሉን የሚያወጣው። ጀርባ ያለው ወንበር ይሁን። ሁለተኛ፣ ተመስጠሽ ግማሽ ቀን አትቀመጪ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺና ግቢውን ዙሪ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ መንቀሳቀስ ደም እግር ላይ እንዳይረጋ ይረዳል። «አርፈሽ ተኚ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ልክ አይደለም። ዕረፍት ማለት ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል አይደለም፣ ከባድ አለማንሳት ነው።

አማትሽን በተመለከተ፣ ፊታቸው ከበደኝ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ምናልባት ቁጣ አይደለም። አንዲት ትልቅ ሴት ልጃቸው ቤት ቁጭ ብለው፣ ምራታቸው ታማ፣ ምን እንደሚያግዙ ሳይነገራቸው ሲቀር ፊታቸው ይከብዳል። ሥራ ስጧቸው። ባዘቶ ግዙላቸውና ይፍተሉ፣ ድሩን ሸማኔ ጋቢ ያደርገዋል። ወይም «እማ፣ ይህን ስፌት እንዴት ነው የምጀምረው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ብታውቂውም ጠይቂ።

ባለቤትሽ ላይ ለሚስቁት መልስ የለኝም፣ ይሳቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጀሪካን የተሸከመ ወንድ ምን ያስቃል? ሚስቱ ሆዷን ተሰፍታ ተሸክማ ቢያዩ ነበር መሳቅ ሳይሆን ማፈር የሚገባቸው። አንቺ ግን እፍረቱን ተዪውና ሰው እየሰማ አመስግኚው። ውሃውን በጋሪ ማስመጣት ከቻላችሁም ወገቡን ያተርፋል።

ልጅሽ ላይ ግን ጠንከር እላለሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰኔ አካባቢ ነው፣ ይኸው ደረሰ። ቤቱ የሚቆጥበው ብር ከሷ የጥናት ሰዓት መውጣት የለበትም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ አንድ ሥራ ብቻ ይሰጣት፣ ሌላው ለታናናሾቿ ይሁን። ወንድ ይሁኑ ሴት በደብዳቤሽ ባትጽፊም ሁለት ልጆች ቀርተዋል፣ ሴትም ሆነ ወንድ ዕቃ ማጠብ ይችላሉ። ጠያቂዎችሽንም ተጠቀሚባቸው። ለስላሳና ጁስ ይዞ ለሚመጣ ዘመድ «እንቁላልና ምስር ይሻለኛል» ብሎ መናገር ነውር አይደለም። የእድር ጓደኛሽ «ምን ላግዝሽ» ስትል «ምንም» አትበዪ፣ አንድ ቀን ልብስ ትጠብልሽ። ለጠያቂ ቡና ማፍላቱንም አንቺ አትያዢው።

ቡና ካነሳን ዘንዳ፣ እንክብሉን ከቡናም ከሻይም ጋር አትውሰጂ። ሁለቱም ብረቱ ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ያግዳሉ። በመሐሉ አንድ ሁለት ሰዓት ይለፍ። ሎሚ ወይም ብርቱካን ግን ያግዘዋል። ሰገራሽ ከጠቆረ ከእንክብሉ ነው፣ አትደንግጪ። የሆድ ድርቀት ከያዘሽ ውሃና ጎመን አብዢ፣ ካልተሻለሽ ለሐኪሙ ንገሪ፣ ማማጥ ለቁስሉ ጥሩ አይደለም። እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን ከሎሚ ጋር፣ ሥጋ ሲገኝ ሥጋ። ረቡዕና ዓርቡ፣ የሰኔውም ጾም እንዴት እንደሚሆን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ለሕመምተኛ ፈቃድ መስጠት ያውቁበታል፣ አንቺ ብቻ ሳትጠይቂ እየጾምሽ አትድከሚ።

ቀጠሮው ሲታደስ ጥያቄዎችሽን በወረቀት ጽፈሽ ሂጂ፣ ሐኪም ፊት ሲደርሱ ሁሉም ይረሳል። የናሙናው ውጤት ምን አለ? ደሜ ስንት ደረሰ? ጀሪካን መቼ አነሳለሁ? ምጣድ ላይ መቼ እመለሳለሁ? ወገቤንና ሆዴን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አለ ወይ? የመጨረሻውን አትተዪው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚያክም ክፍል አለ፣ ሐኪምሽ ካስፈለገሽ ይልክሻል።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ፦ ሰጋቱራው የደረቀ ይሁን፣ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከነካው እንጨት የወጣውን እንዳያመጣ። ከኮምፔንሳቶና ከቺፕውድ የሚወጣውም ሙጫ ስላለበት ይቅር። ንጹሕ የባሕር ዛፍ ወይም የጥድ ሰጋቱራ ይበቃል።